ዐሥራ ሁለተኛዋ ቁራጭ

መስከረም 28

ለልጄ መምህርት፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ዝም ያልኩት ንቄ አይደለም፤ መጻፍ ለእኔ እንደ መስፋት አይቀለኝም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። አንድ መስመር እጽፍና አንብቤው ሳይጥመኝ እሰርዘዋለሁ። ይህ አራተኛው ወረቀት ነው፤ ስርዝ ድልዝ ቢበዛበት ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ጤናዬ ጠይቀዋል። እበላለሁ፤ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት ስለተከፈተ የደንብ ልብስ ሥራው እስከ ጣሪያ ነው። ስለ እንቅልፌ የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። የአዲሱ ትምህርት ቤት ተማሪዎችዎ በጥቁር አረንጓዴ ሱሪ ሲሰለፉ የጎመን ማሳ ይመስላሉ ያሉት አሳቀኝ። ከግንቦት ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ያርሙኝ። አምና እዚህ ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩትን፣ ሁለት ቡድን የሆኑ ልጆች የሚጣሉበትን ልቦለድ ዘንድሮም እዚያ ሊያስተምሩት ይፈልጋሉ። የእኛ ርዕሰ መምህር ግን ልጄ ግንቦት ላይ ድልድዩ ጋ ከሞተ በኋላ «መጽሐፉ ልጆቹን ጠብ አስተማራቸው» ብሎ ጻፈ፤ ያ ወረቀት እስከዚያ ድረስ ተከተለዎ። አሁን የወላጆች ኮሚቴው መጽሐፉን ሊያግደው ነው። የማያግደው የሟቹ እናት መጽሐፉ ጥፋት የለበትም ብላ ከጻፈች ብቻ ነው። «የሟቹ እናት» የሚለው ቃል የኮሚቴው እንጂ የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መልሴ ይህ ነው። ያላነበብኩትን መጽሐፍ ጥሩ ነው አልልም። መጥፎ ነውም አልልም። ሳልለካ አልቆርጥም።

ልጄ ያነበው የነበረው መጽሐፍ እኔ ጋ ነው፤ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ በላይ ካለው መደርደሪያ፣ ከቁልፍ ቆርቆሮው አጠገብ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት እንደወጣ አንስቼ አስቀመጥኩት እንጂ አልከፈትኩትም። መሃሉ ላይ ክር አለበት። የመጽሐፍ ጆሮ ማጠፍ አይወድም ነበርና ያቆመበትን በክር ነው ምልክት የሚያደርገው። አነበዋለሁ። በቀን ሁለት ገጽ ከቻልኩ ትልቅ ነገር ነው። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተው ልብስ በካውያ የሚተኩሱት ሽማግሌ፣ ትናንት መጽሐፉን ሳወርደው አይተው ለማትሪክ ልቀመጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። ካለፍኩ እርስዎን ጸሐፊ አደርግዎታለሁ አልኳቸው።

እስከዚያ ይታገሱኝ።

ልብስ ሰፊዋ


ጥቅምት 17

መምህርት፣

አንቺ በሉኝ፣ በዕድሜ ልጅዎ ነኝ ብለሻል። ልጄን ያስተማረችን ሰው አንቺ ማለት አፌ ላይ ይከብዳል። ግን እሺ፣ ወረቀት ላይ ልሞክረው።

ገጽ 41 ደርሻለሁ። እንደምትይው ቀስ እያለ ይይዛል። በወፍጮ ቤቱ አጥር ወዲህና ወዲያ ያሉት ልጆች፣ ነጭ የጫማ ማሰሪያ የሚያስሩትና ጥቁር የሚያስሩት፣ ከእኛ ድልድይ ወዲህና ማዶ ካሉት ልጆች ምንም አይለዩም። ቀጮ የሚሉት ልጅ በነጩ ማሰሪያ ምክንያት ሲደበደብ ሁለት ቀን ማንበብ አቆምኩ። ጸሐፊው ግን ስለ ልብስ አያውቅም። የቀጮ እናት አንድ ሙሉ ኮት በአንድ ምሽት በእጅ መርፌ ሰፍታ አደረች ይላል። ገበሩስ? ንገሪው።

ልጅዎ ቤት ውስጥ ስለ መጽሐፉ ያወራ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ያወራ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመጣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። እኔ መኪናውን እረግጣለሁ። የመኪናው ድምፅ ቃሉን ይውጠዋል፤ እኔ ግን እንዳይከፋው «እሺ፣ ከዚያስ» እላለሁ። አሁን ገጹን ሳነበው አንድም ቃል አላስታውስም። እንደ አዲስ ነው የማነበው።

ሌላውን ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ዘልዬው ነበር። ልጅዎ የወዲህ ሰፈር ቡድን አባል ነበር ወይ ነው ያልሽኝ። አልነበረም። አባል ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የካቲት ላይ ዐሥራ አንድ ልጆች ጃኬታቸውን ተሸክመው ሱቄ መጡ። ግራ እጅጌው ላይ፣ ከትከሻ ዝቅ ብሎ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሰማያዊ ቁራጭ ስፊልን አሉ። ለምን ስላቸው ለኳስ ቡድን ነው አሉኝ። ዐሥራ አንድ ናቸው፤ አመንኩ። ቆርጬ ስጨርስ ከጨርቁ ዳር ለአንድ የምትበቃ ተረፈች፤ ያው ዳር ስለሆነች በአንድ ጎኗ ነጭ መስመር ነበራት። ልጄን እንደረሱት መሰለኝ። ከእኩዮቹ እንዳያንስ ብዬ ዐሥራ ሁለተኛዋን የእሱ ጃኬት ላይ ሰፋኋት።

ሲመጣ አያትና «እማ፣ ማን አዘዘሽ?» አለኝ።

«እናት ታዝዛ ነው እንዴ የምትሰፋ» ብዬ ሳቅኩ።

እሱም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ነው የሳቀው።

የኳስ ቡድን አልነበረም። ማዶዎቹ ያቺን ቁራጭ ያዩበትን ሁሉ መንገድ ላይ ይጠብቁት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ከቀብር በኋላ ሰማሁ። እሱ ለምን አልነገረኝም ትይ ይሆናል። የሰፋሁለትን አውልቅ እንዳልለው፣ እንዳላዝን፣ እንጃ።

እቀጥላለሁ።

ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 6

መምህርት፣

ገጽ 94 ደረስኩ። ክሩ ያለው እዚያ ነው።

ቀጮ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ነጩን ማሰሪያ ፈትቶ በእጁ ይዞታል። ጓደኞቹ ከውስጥ ይጠሩታል፣ ጥቁር ማሰሪያዎቹም ከመንገዱ ጫፍ እየመጡ ነው። ገጹ እዚያ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጄ አላነበበውም። እኔም አላነበብኩትም። ልንገርዎ ወይ እንዳትይኝ፤ አደራ።

ለኮሚቴው የምጽፈው ደረሰ ወይ ብለሻል። አልደረሰም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ እስካሁን የሸሸግኩሽ ነገር አለ።

ልብስ ሰፊ የተሳሳተ ስፌት የሚፈታው በምላጭ ነው። እኔ ምላጩን ለሁለት እሰብርና፣ ጣት እንዳይቆርጥ አንዱን ጎን በቀይ ክር እጠቀልለዋለሁ። ያን ቀን ከጠረጴዛዬ ላይ አንዱ ጠፋ። ፖሊስ ጣቢያ ጠርተው የልጄን ዕቃ ዝርዝር አነበቡልኝ፤ ጃኬት አንድ፣ ምላጭ አንድ፣ ቁራጭ ጨርቅ አራት። ምላጩ ባለ ቀይ ክር ነው ወይ አልኳቸው። ነው አሉኝ። ፈርሜ ወጣሁ። ዕቃው ያለበትን ፌስታል ግን አልወስድም አልኳቸው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ማዶዎቹ ለዳኛው «ምላጭ ይዞ መጣብን» አሉ። ልጄን ከድልድዩ ደረጃ ላይ ገፍቶ የጣለው ልጅ በነፃ የተለቀቀው በዚህ ነው። ሰው ሁሉ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሱቄ ሲገቡ ወሬ ይቀይራሉ።

አሁን ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። ልጄ መጽሐፉን እስከ ገጽ 94 አነበበ፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፣ ምላጭ አነሳ፣ ወጣ። ሰው ሊጎዳ ወጥቶ ከሆነ፣ ያስወጣውም ያነበበው ከሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ ልክ ነው። አንቺን ስለወደድኩ ብቻ ልክ አይደለም ብዬ ልፈርም አልችልም። የሌላ ሰው ልጆች ናቸው የሚያነቡት።

ልጄ እንዲህ ያለ ልጅ አይደለም እንደምትይ አውቃለሁ። እኔም ለራሴ እላለሁ። ግን እናት የምትለው ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ እስካውቅ አልጽፍም። ከማን እንደማውቅ ደግሞ ገና አላውቅም።

ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 20

ለተከበሩ መምህርት፣

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት የሱሪ ጨርቅና የልክ ወረቀት ይዛ መጣች። አደራ ተልኬ ነው አለችኝ። ወገብ ሰባ፣ ቁመት ዘጠና ስምንት። ይህን ልክ እጄ ያውቀዋል፤ ሚያዝያ ላይ ለልጄ የቆረጥኩት ነው። ጨርቁ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የጎመን ማሳ።

የማን ነው ስላት መሬት መሬት ታያለች። ሁለቴ ስጠይቃት ተናገረች። የገፋው ልጅ ነው። አክስቱ ጋ ተልኮ ትምህርት የገባው እርስዎ ዘንድ ነው። እናቱ ሱሪውን ከዚህ ልትልክለት አስባ፣ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ከእኔ ሌላ ስለሌለ፣ በሰው እጅ ላከችው።

ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ስለ እንቅልፌ ሲጠይቁኝ ከርመዋል። በዚያው ሰዓት እሱ እፊትዎ ተቀምጦ ስሙን ይጠራሉ። እኔ የምላጩን ነገር ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩልዎ። እርስዎ አነበቡት፤ አጠፉት፤ ክፍል ገቡ።

ጨርቁን አልመለስኩም። አልሰፋሁትምም። መደርደሪያው ላይ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 28

ለእትዬ፣

የጻፉልኝ ሁሉ ይገባኛል። አንድም ቃል አልበዛም።

እውነቱን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ፤ አሁን ዘግይቼ ልናገር። ነሐሴ ላይ የዚያ ልጅ እናት እቤቴ መጣች። አራት ትምህርት ቤት የልጁን የፍርድ ቤት ወረቀት አይቶ አልቀበልም ብሎት ነበር። ወደምሄድበት ከተማ እህት እንዳላት ነገረችኝና አንድ ወንበር ብቻ ለመነችኝ። ሰጠሁት። ወንበሩን ስለሰጠሁት ይቅርታ አልጠይቅዎም፤ ብጠይቅ እዋሻለሁ። ይቅርታ የምለው ስለደበቅኩዎ ነው። በየደብዳቤው ልጽፈው ጀምሬ፣ መልስዎን ፈርቼ ተውኩት። የኮሚቴውን ደብዳቤ ፈልጌም ፈራሁ፤ ይህኛው ነው የሚያሳፍረኝ።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከእንግዲህ አልለምንዎም። ስብሰባው ታኅሣሥ 25 ነው። ያለ እርስዎ እቀርባለሁ፤ ይከለክሉኛል፤ ይከልክሉኝ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ሁለተኛ አይለምደኝም። ልጁ መጨረሻ ረድፍ ይቀመጣል፤ አይናገርም። ባለፈው ሳምንት የመጽሐፉን ስም ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ያሻሻል። «ስለ ምላጩ ሁሉን አልተናገርኩም» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። መጠየቁ የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም።

መምህርቷ


ታኅሣሥ 5

ለመምህርት፣

ደብዳቤዎን ለሽማግሌው አነበብኩላቸው። ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስተው «ጠይቂው፤ ያልተጠየቀ አፍ ይሻግታል» አሉኝ። የሰው ሸሚዝ ትንሽ ተለበለበ። በእኔ ምክንያት ነውና እከፍላለሁ አልኩ፤ እምቢ አሉ።

እንግዲህ ይጠይቁልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ልጄ በዚያ ምላጭ ምን እያደረገ ነበር?

እርስዎ አጠገቡ አይቁሙ። ቃል አያውሱት። በገዛ እጁ ይጻፈው፤ የፊደሉን ስህተት አያርሙለት። ይቅርታ እንዳይጽፍብኝ ይንገሩት። ይቅርታውን አልጠየቅኩትም፤ ያየውን ነው የጠየቅኩት። የፈራ እንደሆነ፣ እኔም ስከፍተው እፈራለሁ ብላለች በሉት።

ልብስ ሰፊዋ


ታኅሣሥ 16

ልጄ፣ መምህርት፣

አንቺ ልልሽ ተመልሻለሁ። መቆጣቴን ግን አልጨረስኩም፤ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

የልጁ ወረቀት ደረሰኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። አንቺ አላነበብኩትም ስላልሽኝ የጻፈውን ልንገርሽ። ልጄ የድልድዩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር ይላል። የሌላ ልጅ ጃኬት ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሁለት የወዲህ ሰፈር ልጆች ጃኬታቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው አጠገቡ ቆመዋል። ማዶዎቹ መጡ። አንዱ ምላጩ ሲያበራ አየና ስለት ይዟል ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ሮጡ። ልጄ አልተነሳም፤ ቀና ብሎ «ቆዩ፣ ይህቺን ልጨርስ» አላቸው። ልጁ «እየቀለደብን መሰለኝ» ይላል። ገፋው። ጉልበቱ ላይ የነበረውን ጃኬት ከሮጡት አንዱ ተመልሶ አንስቶት ሄደ። በኋላ አጎቱ ስለ ምላጩ ብቻ ተናገር፣ ስለ ጃኬቱ ማንም አልጠየቀህም አለው። ማንም አልጠየቀውም።

«ቆዩ፣ ይህቺን ልጨርስ» የእኔ አነጋገር ነው። ለምሳ ሲጠራኝ፣ ደንበኛ ሲያጣድፈኝ፣ ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲወርድ፣ እንዲያ ነው የምለው። ያ ልጅ እኔን ሲናገር ሰምቶኝ አያውቅም። ከራሱ ሊፈጥረው አይችልም።

አመኑት ወይ ትይኛለሽ። ሳልለካ አልቆርጥም አላልኩሽም? በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ጣቢያ ሄድኩ። የጣቢያው ጸሐፊ ወረቀት ሲያገላብጥ ቆይቶ «እናቴ፣ ሰባት ወር ሙሉ መደርደሪያ ይዞብኛል» አለኝ። ይዤልህ ልሂድ አልኩት። ፌስታሉን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ጃኬቱ ግራ እጅጌው ላይ ምንም የለበትም። የመርፌዬ ቀዳዳ ብቻ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ይታያል። አራቱ ቁራጭ ጨርቆች ሰማያዊ ናቸው። አንዷ በአንድ ጎኗ ነጭ መስመር አላት።

ስፌት መፍታት ያስተማርኩት በዘጠኝ ዓመቱ ነው። መርፌው አንዴ ወርዶ የሚሄዳትን እኔ እርምጃ እላታለሁ። ከጀርባ በኩል ሦስት እርምጃ ትቶ አንዷን ክር ብጥስ፣ ሦስት ትቶ አንዷን ብጥስ። ከዚያ ከፊት ሲስቡት ክሩ ብቻውን ይወጣል፤ ጨርቁ አይቆስልም። ሰነፍ ሰፊ ዝም ብሎ ይተለትለዋል። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁ። የአንዷም ጠርዝ አልተነካም። የተበጠሱትን ክሮች ቆጠርኩ። በየሦስቱ ነው፣ አራቱም ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ለጠብ የወጣ ሰው በየሦስቱ አይቆጥርም።

ጸሐፊው ደህና ነዎት ወይ አለኝ። ወንበር ሰጠኝ። ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ለኮሚቴው የጻፍኩት ከዚህ ጋር አለ። አንቺም እንድታውቂው እደግመዋለሁ፦

«እኔ ግንቦት ላይ የሞተው ልጅ እናት ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። መጽሐፉን እስከ ገጽ 94 አንብቤዋለሁ። ልጅሽን ከቤት ያስወጣው መጽሐፉ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ይመስለኛል። የወጣው ግን እኔ ሳላውቅ የሰፋሁትን ሊፈታ ነው። የራሱንና የሦስት ጓደኞቹን ፈትቷል፤ አምስተኛው ላይ ነበር። ይህን የሚያሳዩ አራት ቁራጭ ጨርቆች በእጄ አሉ፤ ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ፣ አልሰጥም። መጽሐፉ ይነበብ። ሲነበብ ግን በሙሉ ይነበብ። መሃል ላይ ማቆም ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።»

ቋንቋው ከከረረ አታለሳልሺው። እንዳለ አንብቢላቸው።

አሁን ስለ ልጁ። ምን ላድርግለት ብለሻል። ሁለት ነገር እፈልጋለሁ፤ ሁለቱንም ስለምፈልግ አልከራከርም። አንደኛ፣ ትምህርት ሲዘጋ ከአጎቱ ጋር ሳይሆን ከእናቱ ጋር ይምጣ። እኔም አለሁ። ለዚያው የጣቢያ ጸሐፊ፣ ቀጥሎም ለዚያው ዳኛ፣ ለእኔ የጻፈውን ይድገምላቸው። በልጄ ስም ላይ «ምላጭ ይዞ መጣብን» ተብሎ ተሰፍቷል፤ የሰፋው ይፍታው። ለዚህ የሚመጣበትን ዋጋ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ክፍሉ ገጽ 94 ሲደርስ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብብ። ድምፁ ቢጠፋ ጠብቁት። ሌላ ሰው አይቀበለው።

ሱሪውን ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ከደብዳቤው ጋር በተላከው ጥቅል ውስጥ ነው። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ተኮሱት፤ ዋጋም አልጠሩም። እግሩ ጫፍ ላይ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ትቼለታለሁ። ገና ያድጋል።

ገጽ 94 የምትደርሱበትን ቀን አስቀድመሽ ጻፊልኝ። በዚያው ቀን እኔም ከዚያው እጀምራለሁ። መኪናውን አቁሜ ነው የማነበው። በቀን ሁለት ገጽ ነኝና፣ ክፍሉ አይቅደመኝ።

ልብስ ሰፊዋ